ሦስተኛው ማርሽ

ጥር ነው፤ ዱሉት ከተማ። ሃይቁ ጥርሱን ነክሷል፣
የወደቡ ክሬን ነጭ በረዶ ለብሷል፤
በአርቮ ላህቲ ጋራዥ ምድጃው ያጓራል፣
ብረት በባዶ እጁ የነካ ቆዳው እዚያው ይቀራል።

በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች ማርሊስ፣
ኮቷን ሳትፈታ፣ ጓንቷን ሳትመልስ፤
«ይኼ ቢውክ ከሁለት ወደ ሦስት መሻገር አቃተው፤
ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሰማውም፤ ማን ያስታርቃቸው?»

አርቮ ሊቤሎውን መዞ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ነከረ፤
አወጣው፣ አሸተተው፣ ቅንድቡን ሰበረ።
ዘይቱ ቀይ ነበር ሲወለድ፣ የሮማን ውሃ ይመስል፤
አሁን የጠቆረ፣ ሽታው የዳቦ ከሰል።

ከቀን መቁጠሪያው ጎን በቀይ እርሳስ የጻፈው ሕግ ነበረው፦
«ካምቢዮ በጠርሙስ አይድንም።» ይኸው ነው።
ሻጮች ሳጥን ሙሉ ተስፋ ተሸክመው ሲመጡ፣
(ማርሽ ያለሰልሳል! ጎሚኒ ያድሳል! ዕድሜ ይጨምራል!)
በሩን እያሳየ፣ «ዕድሜ የሚጨምር ቢሆን እኔው እጠጣው ነበር» ይላል።

«አውርደን እንክፈተው» አላት። «ፍሪሲዮኖቹ አልቀዋል፤
ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር፤ ምናልባት ይበልጣል።»
አልተከራከረችም። ጣሪያውን አየች፤ በጣቷ ቆጠረች፤
«ለዌንደል በሳምንት ሦስቴ የኩላሊት እጥበት አለው» አለች፤
«ሰላሳ ማይል ነው፣ ዳገቱን ታውቀዋለህ።
እስከ ሚያዝያ ብቻ። እስከ ሚያዝያ ታደርሰዋለህ?»
መኪናውን ይሁን ባሏን፣ አልለየችም።
እሱም አልጠየቃትም።

ምድጃው ብቻውን አወራ ለጥቂት ጊዜ።
ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር፦ «ከካንዴላው ሳጥን ጀርባ
ጠርሙስ አለ፤ አምጣ።»
አለ! አቧራ የጠጣ።
አርቮ ጠርሙስ ደብቆ! ሳቅ ሊያመልጠኝ ሲል
ፊቱን አየሁት፤ ሳቄን ዋጥኩት።

ከአሮጌው ዘይት ግማሹን ብቻ ቀዳን።
«ሁሉን አትጠብ፤ በዚህ ዕድሜ
ቆሻሻውም ምርኩዝ ነው፤ ጨርሰህ ብታጸዳው ይወድቃል» አለኝ።
ከዚያ በቀጭን ቱቦ፣ እንደ ሐኪም ጠብታ፣
ጠርሙሱ ወረደ ወደ ብረቱ ጨለማ ቦታ፤
የደረቀው ጎሚኒ ጠጥቶ እንዲለሰልስ፣
የተጣበቀው ባልቮላ ከእንቅልፉ እንዲመለስ፣
ያለቀው ፍሪሲዮን አቻውን ጨብጦ አንድ ክረምት እንዲታገሥ።

«ስንት ነው?»
«የጠርሙሱ ብቻ፤ አሥራ አንድ ዶላር።
ግን ስሚኝ ማርሊስ፤ ይኼ መዳን አይደለም። ብድር ነው።»
«ያላበደረኝ የለም» አለች፤ ቦርሳዋን ከፈተች።

ሦስታችን ዳገቱን ወጣን።
አንድ። ሁለት። ሞተሩ ጮኸ፤ ትንፋሻችንን ዋጥን፤
መኪናው በአየር ላይ ያለ ይመስል፣ የማንም ያልሆነ ያህል፤
ከዚያ አንድ ለስላሳ ግፊት፣
በጨለማ ደረጃ ላይ ሰው ክንድህን እንደሚይዝህ፤
ሦስት ገባ።
ማርሊስ መሪውን ሳትለቅ አለቀሰች፤ አርቮ በመስኮት ሃይቁን አየ።

ዌንደል በመጋቢት አረፈ፤ በረዶው ገና ሳይሰበር።
ቢውኩ ግን ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ዳገቱን ከመውጣት አልቀረም ነበር፤
ከኋላ ወንበር ጎረቤቷ ኦዴት፣
እሷም የዚያው ማሽን ደንበኛ፣ ጭኗ ላይ ሹራብ ዘርግታ።

በሰኔ ተጎትቶ መጣ። ብድሩ ደርሶ።
አውርደን ከፈትነው፤ ፍሪሲዮኖቹ
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስተው፣ ጋዜጣ ሊነበብባቸው ምንም አልቀረ።
አርቮ አንዱን በሁለት ጣቱ ይዞ ለመብራቱ አሳየው፤
«በምን ያዘ?» አለ። ለማን እንዳለ አላውቅም።

ሕጉ ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ፤ አንድ ፊደል አልተነካ።
ባለፈው ሳምንት ካንዴላ ፈልጌ ሳጥኑን ሳነሳ
ከጀርባው አዲስ ጠርሙስ አገኘሁ፤ ማኅተሙ ያልተከፈተ።
ሳጥኑን መልሼ አስቀመጥኩት፤
ቀስ ብዬ፣ እንዳይሰማኝ።